ልጄን «አንቺ ደብል ትጫወቻለሽ» አሏትና አለቀሰች። ደብል ምንድን ነው ነገሩ?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ቤት ቴኒስ የምታውቁ ሰዎች እንዳላችሁ አይቻለሁ። እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ራኬት ከእጇ አልተለየም። ዘንድሮ የትምህርት ቤቷ ቡድን ውስጥ ስትገባ ቤታችን ሰርግ ሆኖ ነበር። ባለፈው ሳምንት ታዲያ አሰልጣኙ የነጠላ ተጫዋቾችን ስም ሲለጥፍ የሷ ስም የለም። «አንቺ ደብል ትጫወቻለሽ» አላት፣ ያ ሁለት ለሁለት የሚጫወቱትን። መኪናው ድረስ ችላ መጣች። በሩን ስትዘጋው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እማ፣ ደብል እኮ ነጠላ ያቃታቸውን የሚያጉሩበት ነው» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ስለ ቴኒስ የማውቀው እሷን ማመላለስ ነው።

ደብል በዓይኔ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ጁላይ 2025፣ ዋሽንግተን ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ በሚደረገው ውድድር ላይ ቬነስ ዊልያምስ ትጫወታለች ሲባል ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወሰድኳት። ቬነስ 45 ዓመቷ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ሳትጫወት ቆይታ መመለሷ ነው። አብራት የነበረችው ሄይሊ ባፕቲስት የዚሁ የዲሲ ልጅ ናት። ቡሻርድንና ንጉኑዌን 6-3፣ 6-1 አሸነፏቸው። ልጄ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። እኔ ግን በዚያ ቀን ካየሁት ግማሹ አልገባኝም። መረቡ ጋ የቆመችዋ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ አንዴ ትጨብጣለች፣ አንዴ ትዘረጋለች። ነጥብ ባለቀ ቁጥር ተጠጋግተው፣ በኳስ አፋቸውን ሸፍነው ይንሾካሾካሉ። 40 እኩል ሲሆኑ ደግሞ ሁለት ነጥብ በተከታታይ ማግኘት ያለባቸው ይመስለኝ ነበር። እነሱ ግን አንድ ኳስ ተጫወቱና ጌሙ አለቀ።

እስቲ ንገሩኝ። ይሄ የራሱ ሙያ ያለው ጨዋታ ነው ወይስ ልጄ እንዳለችው የተረፉት የሚገቡበት? እውነቱን ብቻ። የማጽናኛ ቃል እኔም አላጣሁም።

ኳስ አቀባይ

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽን ሳሚልኝ። ያለቀሰችው ጨዋታውን ስለምትወደው ነው፣ እሱ ጥሩ ምልክት ነው።

እኔ ቴኒስ የተማርኩት አዲስ አበባ አንድ ክበብ ውስጥ ኳስ እያቀበልኩ ነው። ሜዳው ጥቂት ነበር፣ መጫወት የሚፈልገው ብዙ። ስለዚህ ትልልቆቹ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አራት አራት እየሆኑ ይገቡ ነበር። እኔም መረቡ ጥግ ተንበርክኬ ለዓመታት ያየሁት ደብል ነው። ከነሱ መሃል አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ነበሩ። ሦስት እርምጃ አይሮጡም። ኳሱ ግን ሁልጊዜ እሳቸው ራኬት ላይ ነው የሚያርፈው። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ለካ እሳቸው ኳሱን አልነበረም የሚያዩት፣ የሚመታውን ሰው ትከሻ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የነጠላ ሜዳ ስፋቱ 8.23 ሜትር ነው። ለደብል በግራና በቀኝ 1.37 ሜትር ይጨመርና 10.97 ሜትር ይሆናል። ልብ በይ፣ ሰዉ እጥፍ ሆነ፣ ሜዳው የሰፋው ግን በሲሶ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታ የለም። ነጠላ ላይ ተቃዋሚሽን አሯሩጠሽ ባዶ ቦታ ታገኛለሽ። ደብል ላይ ባዶውን ቦታ አንቺና ጓደኛሽ ተማክራችሁ መፍጠር አለባችሁ። እጅ መደበቁም መንሾካሾኩም ከዚህ ነው የሚመጣው።

የእጁ ነገር እንዲህ ነው። መረቡ ጋ ያለችው ለተቃዋሚ ጀርባዋ አይታይም፣ ሰርቭ ለምታደርገዋ (ኳሱን መትታ ለምታስጀምረው) ጓደኛዋ ግን ይታያል። ብዙ ጊዜ የተጨበጠ እጅ «እዚሁ እቆማለሁ» ማለት ነው። የተዘረጋ መዳፍ «ሰርቭሽ እንደወጣ ወደ ማዶ እሻገራለሁ፣ የኔን ቦታ አንቺ ያዢ» ማለት ነው። አንዳንዶቹ ሰርቩ የት ይረፍ የሚለውንም በጣት ይጨምሩበታል። እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ቋንቋ አለው። ያ ማዶ ተሻግሮ ኳሱን መንገድ ላይ መንጠቅ ፖች ይባላል። ደብል ውስጥ ከሱ የሚጥመኝ የለም። እስቲ አስቢው፤ አንዷ ገና ኳሱ ሳይመጣ ግማሹን ሜዳ ባዶ ትታ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ደግሞ ያንን ባዶ ለመሸፈን ቀድማ መሮጥ አለባት። አንዷ ለአንድ ቅጽበት ከተጠራጠረች አለቀ፣ ሁለቱም አንድ ጎን ተደርድረው ኳሱ በሌላው በኩል ሲያልፍ ያዩታል።

ከዚህ የባሰም አለ። መረቡ ጋ ያለችው መሃል መስመሩ ላይ ቁጢጥ ትላለች፣ ሰርቭ የምታደርገውም መሃሉን ተጠግታ ትቆማለች። በግራ ትሂድ በቀኝ የምታውቀው ጓደኛዋ ብቻ ናት። ሰርቩን የምትቀበለዋ ኳሱን ማየት ሲገባት ዓይኗ ወደዚያች ቁጢጥ ወዳለችው ይሰረቃል። ግማሹ ሥራ ያኔ አለቀ።

40 እኩል ላይ ያየሽው የቱሩ፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ የሚዞረው የባለሙያዎች ውድድር፣ ደንብ ነው። በሴቶች ቱር ደብል ላይ አድቫንቴጅ፣ ጌሙን ለመውሰድ በሁለት ነጥብ መብለጥ የሚባለው፣ የለም። 40 እኩል ከሆነ የሚቀጥለው ኳስ ጌሙን ይወስናል። ከሁለቱ ማን ትቀበል የሚለውን የሚመርጡት ተቀባዮቹ ናቸው። አንድ አንድ ሰት ከተካፈሉም (ሰት ጌሞች ተደምረው የሚያልቅ አንድ ዙር ነው፤ ሆን ብዬ «ሰት» ነው የምጽፈው፣ «ሴት» ካልኩ ስለ ተጫዋቾቹ ይሁን ስለ ጨዋታው ይምታታል) ሦስተኛ ሰት የለም። ቀድሞ 10 ነጥብ የደረሰ፣ በሁለት የበለጠ፣ ያሸንፋል። ግራንድ ስላም በሚባሉት በአራቱ ትልልቅ ውድድሮች ላይ ግን፣ በአውስትራሊያ፣ በፈረንሳይ፣ በዊምብልደንና በዩኤስ ኦፕን፣ የሴቶች ደብል እንደ ድሮው አድቫንቴጅም ሦስተኛ ሰትም አለው።

ልጅሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ኳስ ልክ በሁለቱ መሃል ሲመጣ ማን ነው የሚመታው? መልስ ከሌላት ደብል ገና አልተማረችም ማለት ነው። ቢያንስ ይሄን ሳታውቅ አትናቀው።

የኮሌጅ ራኬት

ሰላም እትዬ። እኔ እዚሁ አሜሪካ ለኮሌጅ ነው የምጫወተው። ልጅዎ ያለቀሰችውን ለቅሶ እኔም በ16 ዓመቴ አልቅሼዋለሁ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ልጅዎ ስኮላርሺፕ ታስባለች ብዬ እገምታለሁ። እንግዲህ የኮሌጅ ቴኒስ በዲቪዥን 1፣ በከፍተኛው ደረጃ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ሦስት የደብል ግጥሚያ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰት ብቻ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን አንድ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ስድስት የነጠላ ግጥሚያ ይከተላል፣ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ። ቀድሞ አራት የደረሰ ቡድን ያሸንፋል። ያቺ የደብል ነጥብ አንድ ብቻ ናት፣ ግን እሷን ያገኘ ቡድን ከስድስቱ ነጠላ ሦስት ይበቃዋል። ያጣው አራት ይፈልጋል። ስለዚህ ደብል የሚችል ልጅ ዋጋ አለው። እኔን አሁን ያለሁበት ቡድን አሰልጣኝ ስታነጋግረኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ቮሊሽ እንዴት ነው?» ብላ ነው፣ ኳሱ መሬት ሳይነካ የሚመታውን ማለቷ ነው። ስለ ፎርሃንዴ፣ በዋናው እጄ በኩል ስለምመታው ምት፣ አንድም ቃል አላነሳችም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ልጅዎ ቁመቷ አጭር ነው? ሰርቧስ ደካማ? ብዙ ጊዜ አሰልጣኞች በዚህ ነው ከነጠላ የሚያወጡት። እንደዚያ ከሆነ ሳራ ኤራኒን ታሳይልኝ። ጣሊያናዊት ናት፣ 1.64 ሜትር። ሰርቧ በቱሩ ላይ በቀርፋፋነቱ የታወቀ ነው፣ አንዳንዴም ከታች አንስታ ነው የምትመታው። ጓደኛዋ ጃስሚን ፓኦሊኒም ከሷ አትረዝምም። እነዚህ ሁለት ሴቶች ፓሪስ ኦሎምፒክ 2024 ላይ አንድሬቫንና ሽናይደርን 2-6፣ 6-1፣ 10-7 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። ለጣሊያን በቴኒስ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። በ2025 ደግሞ እዚያው ፓሪስ የፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፉ፣ ኤራኒ 38 ዓመቷ ነበር። ያንን ሰርቭ ይዛ! የምታሸንፈው ኳሱ የት እንደሚመጣ ከመምጣቱ በፊት ስለምታውቅ ነው። ሎቧን፣ ከሰው አናት በላይ ከፍ አድርጋ የምትልከውን ኳስ፣ ይዩላት። መረቡ ጋ የቆመችዋ ዘልላ ልትደርስበት ስትል ጣት የምታህል ከፍታ ያልፋታል፣ ከኋላ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ይወድቃል።

አቤል ዘዳላስ

እውነቱን ብላችኋልና እኔ እውነቱን ልናገር። ደብል የሚናቅ አይደለም፣ ቆንጆ ጨዋታ ነው። ግን ልጅቷንም እናቷንም በጥሩ ጥሩው ብቻ መሙላት ልክ አይመስለኝም።

ገንዘቡን እዩ። ዩኤስ ኦፕን 2025 ላይ በነጠላ ያሸነፈችው 5 ሚሊዮን ዶላር ነው የወሰደችው። በሴቶች ደብል ያሸነፉት ሁለት ሴቶች 1 ሚሊዮን፣ እሱንም ለሁለት ይካፈሉታል። ቴሌቪዥኑ ነጠላውን ነው የሚያሳየው። ደብሉ ጎን ያለ ሜዳ ላይ ይደረጋል፣ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነው። ነጠላ ላይ የገፋች ተጫዋች ጉልበት ለመቆጠብ ብላ ከደብል ስትወጣ የሚቆጣት የለም። ደረጃውም የተለየ ነው፣ የደብል ነጥብ ለነጠላ አይቆጠርም። እህቴ እንደ ወላጅ አሰልጣኙ ጋ ሄደሽ «ልጄ ነጠላ ለመጫወት ምን ይቀራታል?» ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ጠይቂ። ደብሉን ትጫወት፣ ነጠላውን ግን አትልቀቅ። የኔ ወንድም በ17 ዓመቱ አንዴ ደብል ላይ ብቻ ተመደበ፣ ነጠላ መለማመድ ተወ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰበትም። ዛሬም ሲያነሳው ይቆጨዋል።

ሠናይት

አቤል ያለው ስለ ገንዘቡ ልክ ነው። እኔ ግን ያቺ ልጅ የቴይለር ታውንሴንድን ታሪክ እንድትሰማ እፈልጋለሁ። እናቷም ትስማልኝ፣ ይሄ የእናት ታሪክ ነው።

ቴይለር የቺካጎ ልጅ ናት። በ2012 ከዓለም ታዳጊዎች አንደኛ ነበረች። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያ ኦፕንን የታዳጊዎች ውድድር በነጠላም በደብልም አሸንፋ ነበር። 16 ዓመቷ ነው፣ ከልጅሽ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። ዩኤስ ኦፕን ሲደርስ የአገሯ የቴኒስ ማኅበር የአካል ብቃትሽን አስተካክዪ ብሎ የውድድር ወጪዋን አልከፍልም አለ። በዓለም አንደኛ የሆነችን ልጅ! እናቷ ከኪሷ ከፍላ ይዛት ሄደች። እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በኋላ ማኅበሩ ለእናትየው ገንዘቧን መለሰ፣ ልጅቷ የሰማችውን ግን ማን ይመልስላታል?

ከዚያ ብዙ ዓመት ነጠላ ላይ ወጣ ገባ አለች። በ2021 ልጅ ወለደች። ሰው ሁሉ አበቃላት ሲል በ2022 ዩኤስ ኦፕን ደብል ላይ ከኬቲ መክናሊ ጋር ፍጻሜ ደረሰች፣ ተሸነፉ። ያሸነፏቸው ቼካውያኑ ክሬይቺኮቫና ሲኒያኮቫ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያችው ካሸነፈቻት ሲኒያኮቫ ጋር ተጣምራ ዊምብልደንን ወሰደች። 7-6፣ 7-6፣ ሁለቱም ሰት በታይብሬክ፣ 6 እኩል ሲሆኑ በሚደረገው መለያ። በ2025 የአውስትራሊያ ኦፕን ተጨመረ። ጁላይ 2025 ላይ ደግሞ፣ አንቺ ልጅሽን ይዘሽ በሄድሽበት በዚያው የዋሽንግተን ውድድር ከቻይናዊቷ ጃንግ ሹዋይ ጋር አሸነፈች። በቀጣዩ ሰኞ የወጣው ደረጃ ላይ በደብል ከዓለም አንደኛ ሆነች። የአራት ዓመት ልጅ እናት።

አያችሁ፣ «የተረፉት የሚገቡበት» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይሰበራል። ቬነስ ራሷ በዩኤስ ኦፕን 2025 ከሌይላ ፈርናንዴዝ ጋር ሩብ ፍጻሜ ደርሳ 6-1፣ 6-2 ያሸነፏቸው ቴይለርና ሲኒያኮቫ ናቸው። ቬነስ ደግሞ በደብል ማን እንደሆነች መንገር አያስፈልግም። ከእህቷ ከሴሬና ጋር 14 የግራንድ ስላም ፍጻሜ ተጫውተው 14ቱንም አሸንፈዋል።

ኳስ አቀባይ

አቤል፣ ስለ ወንድምህ ያልከው ገብቶኛል። ነጠላውን አትልቀቅ ባልከውም እስማማለሁ። ግን ሁለቱ አይጣሉም። ፓኦሊኒ በ2024 ከኤራኒ ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ስትወስድ፣ በዚያው ዓመት በነጠላም በፈረንሳይ ኦፕንና በዊምብልደን ፍጻሜ ደርሳለች። ሴሬና በ2012 ዊምብልደን ከሰዓት በነጠላ አሸንፋ፣ ማታ ደግሞ ከእህቷ ጋር ተመልሳ ገብታ ደብሉን ወስዳለች። በአንድ ቀን። ደብል ለልጅቷ ሰርቭ መመለሷን ያስልላታል፣ መረብ ጋ መሄድም ያስለምዳታል። ነጠላ ብቻ የሚጫወቱ ልጆች መረቡን እንደ እሳት ነው የሚፈሩት።

ስለ ኮከቦቹም አንድ ነገር ልንገርህ። ዩኤስ ኦፕን 2025 ላይ ወንድና ሴት የሚጣመሩበትን የድብልቅ ደብሉን ቀይረው 16 ጥንድ አደረጉት፣ አብዛኞቹ የነጠላ ኮከቦች። ለአሸናፊው 1 ሚሊዮን ዶላር አስቀመጡ። ማን አሸነፈ? ያቺው ኤራኒ ከአገሯ ልጅ ከቫቫሶሪ ጋር። ፍጻሜው ላይ ሽዊያንቴክንና ሩድን 6-3፣ 5-7፣ 10-6 አሸነፉ። ሽዊያንቴክ የስድስት ግራንድ ስላም ባለቤት ናት፣ ያውም በነጠላ! ነጠላ ስለቻለ ብቻ ደብል የሚችል ቢሆን ኖሮ ያ ቀን እንደዚያ አያልቅም ነበር።

ስለ መጣመር ደግሞ። አገር ቤት መቀናጆ የሚባል ነገር አለ፣ ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ያለው ይፈልግና ሁለቱን አጣምደው የሁለቱንም ማሳ በየተራ ያርሳሉ። በሬዎቹ እኩል መሆን የለባቸውም፣ እርምጃቸው ግን መግጠም አለበት። ደብል ሳይ ሁልጊዜ ይሄ ነው የሚመጣብኝ። በ2024 ፈረንሳይ ኦፕን ላይ ኮኮ ጎፍና ሲኒያኮቫ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ነው የተጣመሩት። ጎፍ ጓደኛ አጥታ ነበር። ሁለት ፍጻሜ ተሸንፋ ደብል ይቅርብኝ ልትል ምንም አልቀራትም። ሲኒያኮቫ ጋ ተጣመደችና ኤራኒንና ፓኦሊኒን 7-6፣ 6-3 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። የጎፍ የመጀመሪያው የደብል ግራንድ ስላም ነው። ሲኒያኮቫ ከማንም ጋር አጣምዳት፣ ታርሳለች። በ2025 መጀመሪያ ላይ በሴቶች ደብል 10 ግራንድ ስላም ሞልታለች።

እህቴ፣ ስለዚህ ልጅሽ ጓደኛዋ ማን ናት? እሱን አልነገርሽንም። ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ነርሷ

እኔ ቴኒስ አልጫወትም። ሆስፒታል የካንሰር ክፍል ነው የምሠራው፣ በዚያ በኩል ነው ይሄን ጨዋታ ማየት የጀመርኩት።

ጋብሪዬላ ዳብሮውስኪ የምትባል ካናዳዊት አለች። እስከ 2025 ድረስ ከኒውዚላንዷ ኤሪን ራውትሊፍ ጋር ነበር የምትጫወተው። በ2023 አብረው መጫወት በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ ዩኤስ ኦፕንን አሸነፉ። በ2024 ዊምብልደን ፍጻሜ ደርሰው በእነ ቴይለር ተሸነፉ። ኦሎምፒክ ላይ ጋብሪዬላ በድብልቅ ደብል ነሐስ አገኘች። ኅዳር አካባቢ በዓመቱ መዝጊያ ውድድር ላይ ከኤሪን ጋር እነ ቴይለርን አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ። ከዚያ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ጋብሪዬላ ለዓለም ነገረች፣ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ውስጥ የጡት ካንሰር እንዳለባት ተነግሯት ነበር። በዚያ ዓመት ያን ሁሉ የተጫወተችው ከሕክምናው ጎን ለጎን ነበር።

ሕክምናው ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ ነው የማየው። ደረጃ ወጥተው መኝታ ቤታቸው መድረስ የሚያቅታቸው አሉ። በ2025 ሴፕቴምበር ላይ ሁለቱ ዩኤስ ኦፕንን ደግመው ሲያሸንፉ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ውጤቱን ስልኬ ላይ ነው ያየሁት። 6-4፣ 6-4። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ለልጅሽ ይሄን ብቻ ንገሪልኝ። ጎኗ የምትቆመው ልጅ ምን ተሸክማ እንደመጣች ላታውቅ ትችላለች። ትጠይቃት።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሦስት ቀን ዝም ያልኩት ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ እያነበብኩላት ስለነበር ነው። አማርኛ ማንበብ ላይ ደከም ትላለች፣ መስማት ግን አሳምራ ትሰማለች። የቴይለርን ታሪክ ሁለቴ አስደገመችኝ። እናትየዋ ከኪሷ የከፈለችበት ቦታ ላይ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ኤራኒን ደግሞ ራሷ ፈልጋ አየቻት። «እማ፣ የኔ ሰርቭ ከሷ ይሻላል!» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ የሳቀችው ያኔ ነው።

አቤል፣ የመከርከኝን አደረግሁ። አሰልጣኙን አነጋገርኩት። ነጠላ ላይ ሰርቧ እንደሚያንሳት ነገረኝ፣ ክረምቱን እሱ ላይ እንሠራለን ተባብለናል። ደብል ላይ ያደረጋት ግን ለሌላ ነው አለኝ። እጇ ፈጣን ስለሆነ መረቡ ጋ ከሌሎቹ ትበልጣለች አለ። ይሄንን ለልጅቷ ለምን አልነገርካትም አልኩት። ዝም አለ። እኔም አላለፍኩትም፣ ንገራት አልኩት። በነጋታው ነግሯታል።

ኳስ አቀባይ፣ ስለ ጓደኛዋ የጠየቅኸኝ ልክ ነበርክ። ወላጆቿ ከኤልሳልቫዶር ናቸው፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ልጄ ስትነግረኝ በዓመቱ ውስጥ አሥር ቃል አልተለዋወጡም። ኳስ መሃላቸው ሲመጣ ማን ይመታል ብዬ ስጠይቃት «ሁለታችንም እንቆማለን» አለችኝ። ቅዳሜ ቤት ጠራቻት። ዳቦ ጋግሬ ጠበቅኋቸው። ከሳሎን ስሰማ መጀመሪያ ምንም ድምፅ የለም፣ በኋላ ሳቅ መጣ። ብቅ ብል ልጄ ፍሪጁን ፊት ለፊት አድርጋ ጎንበስ ብላ ቆማለች፣ እጇ ከጀርባዋ ነው። ያቺኛዋ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ «ጭብጥ! መዳፍ! ጭብጥ!» ትላለች፣ በአማርኛ! ልጄ ናት ያስተማረቻት። ተቃዋሚዎቻቸው እንግሊዝኛውንም ስፓኒሹንም ስለሚያውቁት በአማርኛ ሊነጋገሩ ተስማምተዋል። «የኔ» እና «ያንቺ» አሁን ውሃ ሆኗል። ኳስ መሃል ከመጣ ልጄ ናት የምትመታው፣ ፎርሃንዷ መሃል ስለሚሆን ነው አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷቸዋል። ያ ማዶ ተሻግሮ መንጠቁን በአማርኛ ምን ይበሉት? «ተሻገሪ» ረጅም ሆነባቸው፣ ተብሎ ሳያልቅ ኳሱ ያልፋል። «ሂጂ» ሲሉ ደግሞ ያቺኛዋ «ጂ»ው አፏ ላይ አልመጣላትም። የመጀመሪያ ግጥሚያቸው ሐሙስ ነው። አጭር ቃል ያላችሁ ስጡኝ።

የኮሌጅ ራኬት

እትዬ፣ «ዝለቂ»? ትንሽ ይረዝማል። «ቁረጪ» እንዳይባል ደግሞ ሌላ ምት አለ። ኳስ አቀባይ ይምጣ።

ኳስ አቀባይ

ላፍ።

እኛ ኳስ አቀባዮቹ እርስ በርሳችን የምንለው እሱን ነበር። ሽበቱ ሰውዬ መረቡ ላይ ኳስ ሲነጥቁ «ላፍ አደረጓት!» እንል ነበር። አንድ ትንፋሽ ነው፣ ለማንም ምላስ አይከብድም። ሐሙስ ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን።